«ትዝታ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ያልከው ሰውዬ፣ ና እስቲ

የካትሱሺካዋ፦ ትናንት ሌሊት ሞንቡሾ እዚህ የጻፈውን ላላያችሁ ልድገመው። «የባይቶ (የትርፍ ሰዓት ሥራ) አለቃዬ ካራኦኬ ወስዶን የፕሪንሰስ ፕሪንሰስ ባንድን ዘፈን ሲዘፍን አለቀሰ። 54 ዓመቱ ነው። ጃፓኖች 40ን ሲያልፉ የጥንት ባንዶቻቸውን እንደ ጸበል ነው የሚጠጡት። ይሄ ትዝታ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም።» እኔ ከ1994 ጀምሮ ቶኪዮ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ድፍረት ግን አላየሁም። ጃፓን ከመጣህ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላህ!

ምን_አገባኝ፦ 1994 በኛ ነው በፈረንጅ?

የካትሱሺካዋ፦ በፈረንጅ። ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ሰበብ አትፈልግ።

ድራመሩ፦ ሞንቡሾ፣ አገርህ ትዝታ የቅኝት ስም ነው እኮ። ከሙዚቃ አስወጥተህ የት ልትጥለው ነው?

ሞንቡሾ፦ በቃል አትጫወቱብኝ። ናፍቆት ማለቴ ነው። ሰውየው ያለቀሰው ለዜማው አይደለም፣ ለ18 ዓመቱ ነው። ዜማውን እኔም ሰማሁት፣ ደህና ነው፣ አላስለቀሰኝም።

ምን_አገባኝ፦ የኛ ሰው ሠርግ ላይ ሲያለቅስ ባህል፣ ጃፓን ሲያለቅስ ምርመራ።

አንቺሆዬ፦ ድራመሩ ቀልዶ ያለፈው ነገር ቁም ነገር አለው። ጃፓኖች ዮናኑኪ የሚሉት አለ፤ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ትተህ የምትዘፍነው። የሚተርፍህ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ይሄ ሜጀር ትዝታ ካልሆነ ምንድን ነው? ማይነሩም ከኛ ማይነር ትዝታ ጋር በድምፅ አንድ ነው። ሚያኮቡሺ የሚሉት ቅኝታቸው ደግሞ አምባሰል ላይ ይገጥማል። የኛ ሰው ኤንካ የሚሉትን የጃፓን የትካዜ ዘፈን ሲሰማ «ይሄን የት ነው የማውቀው» የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሞንቡሾ «ትዝታ ነው» ሲል ሳያውቅ ትክክል ብሏል።

ድራመሩ፦ ጎበዝ፣ ግን የሰውዬው ባንድ ኤንካ አይደለም! ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ፣ ቦዊ፣ ብሉ ሃርትስ፣ ሁሉም የጃፓን ሮክ ባንዶች ናቸው። አራተኛውም ሰባተኛውም እንደ ልብ አለ። ቅኝት ስትቆጥር ባንዱ አመለጠህ።

አንቺሆዬ፦ ቅኝቱን ያነሳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?

ድራመሩ፦ ለቀልድ ነዋ።

የካትሱሺካዋ፦ እናንተ ተጣሉ፣ እኔ ግን ወደ ሞንቡሾ ልመለስ። ለ18 ዓመቱ ነው ያለቀሰው ብለሃል። እሺ፣ ኮይዙሚን ምን ልታደርገው ነው? የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር። ኤክስ ጃፓን የሚባለው የሮክ ባንድ ወዳጅ መሆኑን በአደባባይ የተናገረ ሰው ነው፤ በ2001 ፓርቲው የቴሌቪዥን ማስታወቂያው ላይ ዘፈናቸውን አሰማ። ኮይዙሚ የተወለደው በ1942 ነው። ኤክስ በ1989 ትልቁን አልበም ሲያወጡ 47 ዓመቱ ነበር። የትኛውን ጉርምስናውን ነው የሚያስታውሰው?

ሞንቡሾ፦ ፖለቲከኛ ነው፣ እትዬ። የመራጩን ትዝታ ነው የወደደው።

ምን_አገባኝ፦ ጸጉሩን አይታችሁታል? ያ ሰውዬ የባንዱ አባል ለመሆን ነው የፈለገው።

የካትሱሺካዋ፦ ይሁንልህ። አለቃህን ወዳስለቀሱት ሴቶች እንምጣ። አምስት ሴቶች፣ ራሳቸው የሚመቱ፣ ራሳቸው የሚጽፉ። ኦሪኮን በሚሉት የጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ የ1989 የዓመቱ አንደኛ ነጠላ ዜማ የነሱ ነበር። በ1996 ተበተኑ። ከዚያ 2011 ላይ ያ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲመጣ በቀጣዩ ዓመት ለአንድ ዓመት ብቻ ተመልሰው ተጫወቱ፤ ገቢውን ለተጎጂው አካባቢ ሰጡ። ሴንዳይ ላይ ከገንዘቡ የሙዚቃ አዳራሽ ቆመ፣ በ2016 ራሳቸው መጥተው ከፈቱት። ሙዚቃ ያልሆነ ነገር አዳራሽ ይሠራል?

ሞንቡሾ፦ እትዬ ይቅርታ፣ ግን ረዱኝ እኮ! ቲኬቱን የገዛው ማን ነው? 16 ዓመት የናፈቀው ሰው። አዳራሹን የሠራው ናፍቆት ነው።

ጋሽ_ካሴት፦ ልጆች፣ እኔ ጃፓንን አላውቃትም። መርካቶ 19 ዓመት ካሴት ሸጫለሁ። የሚገዛኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ አዲስ የወጣውን የሚፈልግና የጠፋበትን የሚፈልግ። የጠፋበት አይከራከርም፣ የጠራሁትን ከፍሎ ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፣ መደርደሪያዬ ላይ መቶ አሮጌ ካሴት ቢኖር የጠፋበት ሰው የሚጠይቀኝ አራት አምስቱን ነው። የቀረው አቧራ ነበር። ያኛውም እኮ የዚያው ዘመን ነው።

ድራመሩ፦ ጋሼ ጨረሱት! ይሄንን ነበር የምፈልገው። ኢካተን የሚባል የሌሊት ፕሮግራም ነበር፣ 1989 እና 90፣ ቅዳሜ ማታ ቲቢኤስ ቴሌቪዥን ላይ። ጀማሪ ባንዶች በየሳምንቱ እየተደረደሩ ይፎካከራሉ፣ ዳኞቹ ካልጣማቸው መሀል ላይ ያቋርጧቸዋል። ስንት ባንድ አለፈበት! የሞንቡሾ አለቃ ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነው፤ በዚያ እድሜ ቅዳሜ ሌሊት ማን ይተኛል? ጉዳዩ የጉርምስና ብቻ ከሆነ ለነዚያ ሁሉ ለምን አያለቅስም?

ሞንቡሾ፦ ካራኦኬው ውስጥ የሉማ። ማሽኑ ያላስገባውን ማን ያስታውሳል።

ድራመሩ፦ ማሽኑ ውስጥ ማን አስገባው? ሰው እየጠየቀ እኮ ነው!

አንቺሆዬ፦ ወይም ኩባንያው።

ድራመሩ፦ አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?

አንቺሆዬ፦ ከዮናኑኪ ጋር።

የካትሱሺካዋ፦ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ክርክር አይደለም። መጀመሪያ ስመጣ ሌሊት ሌሊት ቤንቶ፣ የሳጥን ምሳ፣ የሚታሸግበት ፋብሪካ ነበርኩ። አጠገቤ የምትቆም ሴት ነበረች፤ ጃፓንኛ አልችልም፣ አማርኛ አትችልም። ራዲዮ ላይ የምትወደው ሲመጣ በጓንቷ የሩዙን ሳጥን ጠርዝ ትመታ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቀስ፣ አንድ ጊዜ ጠብቅ። ሥራ ስለቅ ሲዲ ሰጠችኝ፣ ያንን የዱሮውን ትንሹን፣ 8 ሴንቲሜትሩን፣ ማቀፊያው እንደ ዕልባት ቀጭንና ረጅም የሆነውን። ባለቤቴ መኪናው ማጫወቻ ውስጥ ከተተው። ዋጠው፣ አልመለሰውም። መኪናውን የሸጥነው ከነሲዲው ነው። ዘፈኑን አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን አልሰማሁትም። ግን ያቺ የጓንት ምት አሁን ሳህን ሳጥብ ትመጣለች። ሞንቡሾ፣ ይሄ የቱ ነው?

ሞንቡሾ፦ ትዝታ ነው፣ እትዬ።

ድራመሩ፦ ምቱ ነው እንጂ! ሁለት ቀስ፣ አንድ ጠብቅ ብለዋል። ምት ካልሆነ ምን አስታወሱ?

ምን_አገባኝ፦ ባለቤትዎን ይቅር ብለዋቸዋል?

የካትሱሺካዋ፦ አላልኩም።

ሞንቡሾ፦ እሺ ልከኛውን ልናገር። የሚያናድደኝ ማልቀሱ አይደለም። አለቃችን አልቅሶ ሲያበቃ ወደኛ ዞሮ «ያሁን ዘመን ዘፈን ልብ የለውም» አለን። አምስታችንም ከ25 በታች ነን። ካስታኔት ይዘን እያጨበጨብን፣ መጠጡን እየቀዳን፣ ስድብ ተቀበልን። በማግስቱም ሺፍት ላይ ሲያፏጨው ዋለ።

ጋሽ_ካሴት፦ እንዲህ በል እንጂ ታዲያ! ይሄን መጀመሪያ ብትለን ማን ይጮህብህ ነበር።

ድራመሩ፦ እኔ እጮህበት ነበር። ብሉ ሃርትስ በ1995 ተበተኑ፣ ግን ዛሬም ትምህርት ቤት በዓል ላይ ጊታር የያዘ የ16 ዓመት ልጅ የነሱን ነው የሚጫወተው። እሱ የምኑ ናፋቂ ነው?

ሞንቡሾ፦ የአባቱ።

ምን_አገባኝ፦ ሃሃሃ! ይሄኛውን ላስቀምጠው።

ሞንቡሾ፦ ይልቅ አርብ ደግሞ ጠርቶናል። በተራ ሁላችንም አሮጌ ዘፈን እንድንዘፍን አዟል። ሦስት ኮርድ የማያልፍ ንገሩኝ።

ድራመሩ፦ ብሉ ሃርትስ ያዝ። ድምፅ አያስፈልግህም፣ ጩኸት ይበቃል።

አንቺሆዬ፦ ቆይ፣ «ጩኸት ይበቃል» ስትል ምን ማለትህ ነው?