የባጃጅ ሻንሲ በቤት ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ስለ መቀባት

ጥያቄ፦ የባጃጄ ሻንሲ (አካሉን የሚሸከመው ብረት) ከመቀመጫው ሥር ዝጎ በጣት ሲነካ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ኮምፕሬሰር የመከራየት አቅም ስለሌለኝ በብሩሽ ብቀባው ይበረክታልን?

መልስ፦ ይበረክታል፣ ወንድሜ፤ የቀለሙን ዕድሜ የሚወስነው ከመሣሪያው ይልቅ ዝግጅቱ ነውና። ቅባቱን በሳሙና አጥበው ካደረቁ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውና ቲነር በነካው ንጹሕ ጨርቅ ወልውለው፣ ብረቱ እንደገና ሳይዝግ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ይቀቡት። የላዩን ቀለም አንዴ አወፍሮ ከመለቅለቅ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። እባክዎን፣ ቲነር በተከፈተበት አካባቢ የከሰል ምድጃ አይኑር።

ሌላ መልስ፦ አስቀድመው የዛገውን ቦታ በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ብረቱ ከተሰረጎደ የሚያስፈልገው ቀለም ሳይሆን ብየዳ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ስለሚጭኑበት ነው። የሻንሲ ቁጥሩንም በፕላስተር ይሸፍኑት፤ ቀለም ከሞላው ለምርመራ ሲቀርብ አይነበብም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በመዶሻው እጀምራለሁ።