«ቦታ ጠብቦት ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልረጋም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች። ወደ እንግሊዝ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ የምኖረው ሊድስ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እስካሁን እራት በልቼ ጋደም ስል ልጄ በቀኝ ጎኔ በኩል ሳያቋርጥ ይገላበጥ ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን እንቅስቃሴው ቀንሶብኛል፣ ዛሬም ቀኑን ሙሉ የተሰማኝ አልፎ አልፎ ቀለል ያለ ንክኪ ብቻ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ወሩ ሲቃረብ ልጅ ቦታ ይጠበዋል፣ ይረጋጋል፣ አትጨነቂ» አለችኝ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነው። ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ስለሆነ እስከዚያ ልታገሥ ወይስ አሁን ልደውል? እንግሊዝኛዬ በስልክ ብዙም አይሆንልኝም፤ በከንቱ አስቸግሬያቸው እንዳይቆጡኝም ፈርቻለሁ።

መልስ፦

እህቴ፣ ማርያም ትቅረብሽ። ይህን ጽሑፍ አንብበሽ እስክትጨርሺ አትቆዪ፤ አሁኑኑ ደውዪ፣ የቀረውን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ። የምትደውዪው በእርግዝና መከታተያ ደብተርሽ ወይም በስልክሽ መተግበሪያ ላይ ወደተጻፈው የወሊድ ክፍል ቁጥር ነው፤ ሌሊትም ሆነ እሑድ ሰው ያነሣዋል። እንግሊዝኛው እንዳያስጨንቅሽ «ማይ ቤቢ ኢዝ ሙቪንግ ለስ፤ አይ አም ሰርቲ ፎር ዊክስ» በያቸውና ቀጥለሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ብለሽ ጠይቂ። አስተርጓሚ የሚመጣልሽ በስልክ ነው፣ አይከፈልበትም፣ ውለታም አይደለም።

እናትሽ የነገረችሽን እኔንም አክስቴ ነግራኝ ነበር፤ ሁለቱም ከፍቅር ተነሥተው ነው የተናገሩት። በአባባሉ ውስጥ ትንሽ እውነት ስላለበትም ነው ሰው የሚያምነው፦ ልጁ ሲያድግ የእንቅስቃሴው ዓይነት ይለወጣል፣ ጠንከር ያለው ርግጫ ወደ መግፋትና ወደ መንጠራራት ያደላል። መጠኑ ግን መቀነስ የለበትም። እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ እንቅስቃሴው እየጨመረ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ምጡ ድረስ፣ በምጡም ጊዜ ጭምር፣ በዚያው መጠን ይቀጥላል። ልጁ ይተኛል፣ እውነት ነው፤ እንቅልፉ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈውም ከስንት አንዴ ነው። ቀኑን ሙሉ የተኛ ልጅ የለም።

መቀነሱ ለምን እንደሚያሳስብ ማንም አስረድቶኝ ስለማያውቅ እኔ ልንገርሽ። የእንግዴ ልጁ በቂ ደምና ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ልጁ ያለችውን ለልቡና ለአእምሮው ይቆጥባል፣ እጅና እግሩን ያሳርፋል። ስለዚህ መገላበጡ ከውስጥ የሚደርሰን ብቸኛ ወሬ ነው፤ ወሬው ሲቋረጥ ዝም ማለት አይገባም።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ለንደን ሳለሁ ነው፣ 36 ሳምንት ሆኖኝ ነበር። የሕፃን ልብስ እያጠፍኩ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ከጎድን አጥንቴ ሥር የምትገባው ትንሽ ተረከዝ እንዳልመጣች ልብ አልኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ፣ ማር በማንኪያ ላስኩ፣ በግራ ጎኔ ተኝቼ ጠበቅሁ። ስልኩ አጠገቤ ነበር፤ በሌሊት ሰው መቀስቀስ ነውር መስሎኝ፣ «ደህና ነሽ» ብለው ሲመልሱኝ የማፍረው ኀፍረት ታይቶኝ፣ ሳልደውል አነጋሁት። ይሉኝታችን በሰው ቤት መልካም ነገር ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር። ጠዋት ስሄድ አዋላጇ ሆዴ ላይ ሁለት ቀበቶ አሰረችልኝ፣ አንዱ የልጁን የልብ ምት፣ ሌላው የማህፀኔን መኮማተር የሚከታተል ነው፤ እንቅስቃሴ በተሰማኝ ቁጥር የምጫነውን ቁልፍም በእጄ አስያዘችኝ። 20 ደቂቃ አለፈ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጫንኩትም። ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ላይ ያለው መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ሲገባው ተለጥጦ ይሄድ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲያዩ የእንሽርቱ ውሃ አንሷል፤ በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ልጄ 2 ኪሎ ከ100 ግራም ነበረች፣ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጥቂት ሰዓት ብቆይ ምን ይከተል እንደነበር ሐኪሟ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። የእንግሊዝ የማህፀንና የፅንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እንደሚለው እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ ቀነሰባቸው ከሚባሉ እናቶች ከ100ው 70 ያህሉ እርግዝናቸው ያለ ችግር ይቀጥላል፣ ጤናማ ልጅም ይወልዳሉ። በሁለተኛው ልጄ በዚሁ ምክንያት ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነው ተብዬ ተመለስኩ፤ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። ካረጋገጡልሽ በኋላ እንደገና ቢቀንስብሽ፣ በዚያው ቀንም ቢሆን፣ እንደገና ደውዪ።

በየስልኩ ስለሚሰጠው የቁጥር ምክርም ልናገር። አሜሪካ ያለች ዘመድሽ «በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ቁጠሪ» ልትልሽ ትችላለች፤ እዚያ እንዲህ እንዲቆጥሩ የሚመክሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። እዚህ ግን ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም፣ የሚጠይቁሽ የልጅሽ የተለመደ ጠባይ ተለውጧል ወይ ብለው ነው። አንቺ «እራት በልቼ ጋደም ስል በቀኝ ጎኔ» ብለሽ ስትጽፊ ጠባዩን አሳምረሽ እንደምታውቂው አየሁ፤ ለእነርሱም እንደዚሁ ንገሪያቸው።

ጎረቤት የልብ ምት ማዳመጫ ላበድርሽ ቢልሽ አትቀበዪ። ልምድ የሌለው ጆሮ የእናትየውን የደም ሥር ምት የልጁ አድርጎ ይሰማዋል፤ ደግሞም ልብ መምታቱ ብቻ ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ የእኔም ልጅ ልብ በዚያች ሌሊት እየመታ ነበር። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህም ለመተኛት ስትጋደሚ በጎንሽ ይሁን፤ ሌሊት ነቅተሽ በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚው ሳትደነግጪ ወደ ጎንሽ ተመለሺ።

ወረቀት የሌላችሁ ወይም ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ እህቶችም ይህን እንድታውቁ እፈልጋለሁ፦ በእንግሊዝ የወሊድ ሕክምና ሁልጊዜ አስቸኳይ ተብሎ ስለሚቆጠር በክፍያ ምክንያት ሊከለከል ወይም ሊዘገይ አይገባም። ሒሳብ በኋላ ሊመጣ ይችል ይሆናል፤ ለዚያ ረዳት ይፈለጋል፣ ይከራከሩበታል። ልጁ ግን ሒሳቡ እስኪጣራ አይጠብቅም።

መልስ፦

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እዚህ ላላችሁ አጭር ነገር ልጨምር። ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆንም ወደ ሐኪማችሁ ቢሮ ስትደውሉ ተረኛው ያገኛችኋል፤ ካልተገኘ በቀጥታ ወደምትወልዱበት ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሂዱ። ኢንሹራንስ የለንም ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበልና የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመክፈል አቅማችሁን ምክንያት አድርጎ ሳይመረምር ሊመልሳችሁ አይችልም። ባሎችም ስልኩን እናንተ ደውሉት፤ ሚስቴ ስታመነታ የደወልኩት እኔ ነበርኩ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱን ሳልጨርስ ደወልኩ፤ ወዲያው ነይ አሉኝ። ቀበቶዎቹ 40 ደቂቃ ያህል ታስረውልኝ ቆዩ፣ የልቡ ምት ጥሩ ነው ተባልኩ፤ ዕድገቱንና ውሃውን ለማየት ለነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ይዘውልኛል። አዋላጇ ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል አለችኝ፣ ዳግም ከቀነሰም ቀጠሮውን ሳልጠብቅ እንድደውል ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። አስተርጓሚዋ በስልክ ሁሉንም ቃል በቃል አስረዳችኝ፤ ልትዘጋ ስትል «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ስትለኝ ያን ሁሉ ሰዓት ይዤው የነበረው እንባ መጣ። ባለቤቴ ከሥራ ወጥቶ አጠገቤ ነው፤ የክፍሉን ቁጥር በእርሱም ስልክ መዝግበነዋል።