ክርክር፦ ተዋጊ ሠራዊት ከረጅም የውጭ ጦርነት በተቆረጠ ቀን ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አቅራቢው፦
ለክርክር ያቀረብሁት ጥያቄ፣ አንድ ኃያል አገር በሰው አገር ለብዙ ዓመታት ያዋጋውን ሠራዊት ቀን ቆርጦ ማስወጣት ይገባዋል ወይስ ትቶት የሚሄደው መንግሥት ራሱን እስኪችል መቆየት አለበት የሚል ነው። መነሻችን አሜሪካ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የወጣችበት ሁኔታ ይሁን፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጥቀስ። ከመጀመራችን በፊት ግን «ተዋጊ» በሚለው ቃል ላይ ጥንቃቄ እንድናደርግ እለምናለሁ። በኦገስት 2010 የመጨረሻው ተዋጊ ብርጌድ ከኢራቅ ወደ ኩዌት ተሻገረ ሲባል 50,000 ያህል ወታደሮች እዚያው ቀርተው ነበር፤ ስማቸው አማካሪና ረዳት ተባለ እንጂ ትጥቃቸውን አልፈቱም። በአፍጋኒስታንም በ2014 መጨረሻ የኔቶ የውጊያ ተልእኮ አበቃ ከተባለ በኋላ የአሜሪካ አውሮፕላኖች መደብደባቸውን አልተዉም። ስለዚህ «ይውጣ» የምንልም «ይቆይ» የምንልም የምንናገረው ስለ የትኛው ኃይል እንደሆነ ለይተን እንናገር።

የመቆየት ደጋፊ፦
እኔ ቀን ቆርጦ መውጣትን እቃወማለሁ። የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደሮች አጀብ ከኢራቅ የወጣው በዲሴምበር 18 ቀን 2011 ሲሆን፣ በማግሥቱ ሱኒ በሆኑት በምክትል ፕሬዚዳንቱ በታሪቅ አል ሃሺሚ ላይ የእስር ትእዛዝ ወጣ። በሺዓው ጠቅላይ ሚኒስትር በኑሪ አል ማሊኪና በሱኒ ፖለቲከኞች መካከል መጠራጠር ቀድሞም ነበረ፤ ነገር ግን በመካከላቸው ቆሞ የነበረው ኃይል መሄዱ ሲረጋገጥ ጠቡ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ከአልቃኢዳ ጋር ከተዋጉት የሱኒ ጎሣ ታጣቂዎችም፣ በመንግሥቱ የጸጥታ ኃይል ውስጥ ትገባላችሁ ተብለው ሳለ፣ የገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። በጁን 2014 ሞሱል ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ በሚጠራው ቡድን እጅ ወደቀች፤ አሜሪካም በዚያው ዓመት ተመልሳ ገባች። ሄዶ ለመመለስ ከሆነ መጀመሪያውኑ ጥቂት ሺህ ወታደር ማቆየት በስንት ጣዕሙ! በአፍጋኒስታንም በ2021 መጀመሪያ የቀሩት 2,500 ያህል ወታደሮች ነበሩ፤ አሜሪካ ለመውጣት ከታሊባን ጋር ያደረገችው የዶሃ ስምምነት ከተፈረመበት ከፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኦገስት 2021 ድረስም በውጊያ የተገደለ አሜሪካዊ ወታደር አልነበረም። በዚህ ዋጋ ሊጠበቅ የሚችል መንግሥት ለምን እንዲፈርስ ተተወ?

የመውጣት ደጋፊ፦
ወንድሜ ያነሷቸው ነገሮች እውነት ናቸው፤ የምለይዎት በትርጓሜያቸው ላይ ነው። ከኢራቅ ልጀምር። እስከ 2011 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት የተስማማው በ2008 የፈረመው የጆርጅ ቡሽ አስተዳደር ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመቆየት የተደረገው ድርድር የፈረሰውም የኢራቅ ፖለቲከኞች ለአሜሪካ ወታደሮች በአገሪቱ ፍርድ ቤት ያለመከሰስ መብት በምክር ቤታቸው ለማጽደቅ ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ነው። እንግዲህ ባለቤቱ በሕጉ አልፈቅድም ያለውን እንግዳ በምን ሥልጣን እናቆየዋለን? ሞሱልንም ያስያዛት የ2011 መውጣት ብቻ አይደለም። የኢራቅ ሠራዊት በሜይ 2003 በአሜሪካ ባለሥልጣን ትእዛዝ ተበተነ፤ በምትኩ ለዓመታት የሠለጠነው ሠራዊት ምን ይመስል እንደነበር ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ በ2014 መጨረሻ ለምክር ቤቱ ተናግረዋል፤ በአራት ክፍለ ጦሮች ብቻ 50,000 ስሞች ደሞዝ ይወጣባቸው ነበር እንጂ ከስሞቹ በስተጀርባ ወታደር አልነበረም። ተጨማሪ አምስት ዓመት ቢቆይ የውጭ ጦር ይህን የደሞዝ መዝገብ ያጠራው ነበር ብዬ አላምንም።

የአፍጋኒስታኑ ጸጥታ ደግሞ የ2,500 ወታደሮች ፍሬ አልነበረም። ታሊባን አሜሪካውያንን ያልነኩት እስከ ሜይ 1 ቀን 2021 ትወጣላችሁ የሚል ቃል በጽሑፍ ስለተሰጣቸው ነው፤ ቃሉ ቢሻር ተኩሱ በአሜሪካውያን ላይም ይመለስ ነበር፤ ያን ጊዜም 2,500 ሰው አይበቃም። በዚያው «ጸጥታ» በሚባለው ጊዜ የአፍጋኒስታን ወታደሮች በየቀኑ እየሞቱ እንደነበር መርሳት ለእኔ ከባድ ነው። ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ በጃንዋሪ 2019 እንደተናገሩት፣ ሥልጣን ከያዙበት ከ2014 ወዲህ ብቻ 45,000 የጸጥታ ኃይል አባላት ተገድለው ነበር። ዋጋው ትንሽ ነበር የምንለው እነዚህን ሰዎች ሳንቆጥር ነው።

ሦስተኛ ተናጋሪ፦
ሁለታችሁም ስለ ወታደር ቁጥር ትከራከራላችሁ፤ እኔ ግን ስለ ነዳጅና ስለ መለዋወጫ ላንሣ። ሶቪየት ኅብረት በዚያችው አፍጋኒስታን ከ1979 መጨረሻ ጀምሮ ተዋግታ፣ በኤፕሪል 1988 ጄኔቫ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ የመጨረሻውን ወታደር በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1989 አስወጣች። ሞስኮ ትደግፈው የነበረው የፕሬዚዳንት ናጂቡላህ መንግሥት በወራት ውስጥ ይወድቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ግን አልወደቀም። በማግሥቱ ማለት በሚቻል ጊዜ ሙጃሂዲን የተባሉት የመንግሥቱ ተቃዋሚ ታጣቂዎች የጀላላባድን ከተማ በብዙ ኃይል ሲያጠቁ የመንግሥቱ ሠራዊት አንድም የሶቪየት እግረኛ ሳይኖር መክቶ መለሳቸው፤ ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ያቆየው ከሞስኮ ሳይቋረጥ የሚመጣው ነዳጅ፣ ስንዴ፣ ጥይትና ገንዘብ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ነበር ናጂቡላህ እንደ አብዱል ረሺድ ዶስተም ያሉ የሚሊሺያ አዛዦችን ከጎኑ ያሰለፈው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 መጨረሻ ስትፈርስ እርዳታው ቆመ፤ ዶስተም በ1992 መጀመሪያ ከዳ፤ ናጂቡላህም በኤፕሪል ከሥልጣን ወረደ። ጦሩ ሲወጣ ያልወደቀ መንግሥት ገንዘቡ ሲቆም ወደቀ ማለት ነው።

በ2021 የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የአፍጋኒስታን ሠራዊት የተሠራው በአየር ኃይል እንዲደገፍ ተደርጎ ነው፤ በየተራራው የተበተኑት ትናንሽ ምሽጎች ስንቅ የሚደርሳቸውም ቁስለኛ የሚነሣላቸውም በሄሊኮፕተር ነበር። የአገሪቱ መካኒኮች የለመዱትና አብዛኛውን ጥገና ራሳቸው የሚሠሩለት የሩሲያ ሠራሽ ሄሊኮፕተር ግን፣ ጥገናው በውጭ ኩባንያ ሠራተኞች እጅ በነበረው በአሜሪካው ብላክ ሆክ እንዲተካ ተወሰነ። ወታደሮቹ ሲወጡ እነዚህ ሠራተኞችም አብረው ወጡ። ከዚያ በኋላ ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር ጥይቱ ሲያልቅበት የሚጠራው አውሮፕላን አልነበረም፤ የአገር ሽማግሌዎች መጥተው እጅህን ስጥና ወደ ቤትህ ሂድ ሲሉት እሺ ማለቱ ፈሪ ስለሆነ አይደለም። እንደ እኔ እምነት ተዋጊው ጦር በቀኑ መውጣት ነበረበት፤ አብሮ መውጣት ያልነበረበት መካኒኩ ነው።

የመቆየት ደጋፊ፦
የመካኒኩን ነገር እቀበላለሁ፤ እኔም በወታደር ቁጥር ላይ ብቻ ማተኮሬ ስሕተት እንደነበር ይታየኛል። ናጂቡላህን ግን እንደ ምሳሌ ለመውሰድ እቸገራለሁ፤ በገንዘብ የተገዛ ወዳጅነት ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ከ1992 በኋላ ካቡልን ያወደመው የእርስ በርስ ጦርነት አሳይቷል። ደግሞም መካኒክ ያለ ጠባቂ ወታደር በአሜሪካ ትልቁ የአየር ሰፈር በባግራም ይሠራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ጠባቂ ካለ ታሊባን ስምምነቱ ፈረሰ ይላሉ።

ሦስተኛ ተናጋሪ፦
ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ለዚህም ነው ትልቁ ስሕተት በ2021 ሳይሆን በዶሃ ተፈጸመ የምለው። የሚዋጋው የካቡል መንግሥት በሌለበት ፊርማ ተፈረመ፤ መንግሥቱ ያልተስማማበትን እስከ 5,000 እስረኞች የመፍታት ግዴታም በላዩ ተጫነ። የጥገና ሠራተኞች ጉዳይ በዚያ ጠረጴዛ ላይ መነሣት ነበረበት፤ የተስማሙት ግን እነርሱም ጭምር እንዲወጡ ነው።

የመውጣት ደጋፊ፦
በዚህ ከተስማማን የአወጣጡን ቅደም ተከተልም እንይ። መውጣትን የምደግፍ እንደመሆኔ ይህን መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ሁለት አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ያለው የባግራም ሰፈር በጁላይ 2021 መጀመሪያ በሌሊት ተለቀቀ። ካቡል በኦገስት 15 ከተያዘች በኋላ ከ120,000 በላይ ሰው አንድ ማኮብኮቢያ ባለው የከተማው አየር ማረፊያ በኩል መውጣት ግድ ሆነበት፤ በኦገስት 26 በበሩ ላይ በፈነዳው ቦምብ 13 የአሜሪካ ወታደሮችና 170 ያህል አፍጋኒስታናውያን ሞቱ። ከዚያ በር ፊት ለፊት በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቆመው ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው ይዘው የነበሩት፣ ለዓመታት ከወታደሮቹ ጋር የተጓዙ አስተርጓሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ጭምር ነበሩ። ቀኑ ከኤፕሪል ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ እነርሱ በሜይና በጁን፣ ባግራም ገና በእጅ ሳለ፣ ከወታደሩ ቀድመው መውጣት ነበረባቸው።