የቡናማ ኤል ቢራዬ ፍላት መሃል ላይ ቆመብኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

በእንግሊዞች ባህላዊ አሠራር ቡናማ ኤል ቢራ (ኤል ሞቅ ባለ ቦታ በሚሠራ እርሾ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ነው) ቤቴ ውስጥ እየጠመቅኩ ሲሆን፣ ፍላቱ ሳያልቅ ስለቆመብኝ ልምድ ያላችሁን ምክር በትሕትና እጠይቃለሁ። መሠረቱ ነጣ ያለ ብቅል ነው፤ ለቀለሙና ለውዝ ለውዝ ለሚለው ጣዕሙ ካራሜል ብቅልና ጥቂት ቸኮሌት ብቅል (ስሙ እንጂ ካካዎ የለበትም፣ ጠቆር ብሎ የተቆላ ነው) ጨምሬበታለሁ። ብቅሉን በ67 ዲግሪ ሴልሺየስ ዘፍዝፌ ያጠለልኩት ጭማቂ አንጻራዊ እፍግታው (ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት፤ ስኳሩ እየፈላ ሲሄድ ይወርዳል) 1.048 ነበር። እርሾ ከገባበት በኋላ አረፋው ክዳኑን እስኪነካ ድረስ በደንብ ፈላ፤ አሁን ግን 1.022 ላይ ተገትሮ፣ እርሾው ከሥር እንደ ጭቃ ተጋግሮ፣ ላዩ ጠልሎ ይታያል፤ ሲቀመስም ገና ስኳር ስኳር ይላል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ኤል እርሾዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ የመዝቀጥ ጠባይ ስላላቸው ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው፤ ክፍሉም ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የለካሁት በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ በሚንሳፈፍ የእፍግታ መለኪያ) ስለሆነ፣ አልኮል ሲኖር ሪፍራክቶሜትር (ስኳሩን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) የሚያሳየው መዛባት እዚህ አይነሳም። ታዲያ ዕቃውን አየር ሳላስገባ በቀስታ አወዛውዤ እርሾውን ማስነሳትና ሙቀቱን ወደ 20 ዲግሪ ማሳደግ ይበቃል፣ ወይስ በመፍላት ላይ ያለ ትኩስ እርሾ ልጨምርበት? የቀረው ስኳር በኋላ ፈልቶ ጠርሙስ ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ ልኬቱ እስኪወርድ ድረስ አላሽገውም።