የድሮ ቤቴን ውጪውን ምን ቀለም ልቀባው?

እስቲ ቀለም የምታውቁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ቤታችን የቆየ ነው። የውጪው ግድግዳ ልስን ነው። ቀለሙ ከማርጀቱ የተነሳ በእጅ ሲነኩት እንደ ጠመኔ ዱቄት ይለቃል። ጣሪያው ቀይ ነው፣ እሱን የመቀየር ሐሳብ የለኝም። የመስኮቶቹ እንጨት ጥቁር ቡኒ ነው።

መጀመሪያ ከትንሿ የናሙና ካርድ ላይ ደስ የሚል ክሬም መረጥኩ። ትንሽ ገዝቼ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ቀባሁ። ቀን ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። ማታ ደግሞ ቅቤ መሰለ! ካርዱ ላይ ያየሁት ቀለም የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ ወደ አመድማ ዞርኩ። እሱም ከቀዩ ጣሪያ ሥር ሲታይ ወደ ሰማያዊ ይሄድብኛል። አሁን ግድግዳው ላይ አምስት ዓይነት ቀለም ተለጥፏል፤ ያለፈ ያገደመ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ይመርጣል።

ባለቤቴ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሁን ትላለች። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት ይስባል፤ ፀሐይ የሚመታው ጎን ቶሎ እንዳይደበዝዝ ፈራሁ።

ከቀይ ጣሪያ ጋር የማይጣላ፣ ፀሐይ ላይ የማያንጸባርቅ ምን ቀለም አለ? መስኮቶቹን ቡኒ እንደሆኑ ልተዋቸው ወይስ ላፍካቸው? ደግሞ ዱቄቱን አጥቤ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን) ብቀባበት ይይዛል ወይስ የግድ ይፋቅ? የመስኮቶቹን የድሮ ቀለም በደረቁ ለመፈግፈግ አልደፈርኩም፤ የዱሮ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃን አለ። እንዲህ ዓይነት ቤት የቀባችሁ ካላችሁ ፎቶም ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።