«ሦስተኛው ማራገቢያ ጌጥ ነው»

እንጦጦ፦ ትናንት አንድ ወዳጄ የአንድ የግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ምስልና ጨዋታ የሚያሠራ ሰሌዳ) ሻጭ ድምፅ ላከልኝ። «ሬፈረንስ ካርድ የገዛ ሰው ስም እንጂ ካርድ አልገዛም፤ ባለሦስት ማራገቢያ ካልሆነ በእጃችሁ አትንኩት» ይላል። ሬፈረንስ የሚባለው ቺፑን የሠራው ኩባንያ ራሱ ያወጣው ንድፍ ነው፤ ባለሦስት ማራገቢያዎቹ በአብዛኛው የሌሎች አምራቾች ናቸው። ዝም ማለት አቃተኝ፤ ይህን ምክር ሰምቶ የተጎዳ ልጅ በሰፈሬ አለና። ምንም ያልጎደለው የቺፕ ሠሪው የኤንቪዲያ ፋውንደርስ ኤዲሽን (ኩባንያው ሬፈረንሱን የሚሸጥበት ስም) 3080 ነበረው። እርሱን በርካሽ ሸጦ፣ ከኪሱ ጨምሮ፣ ያንኑ 3080 ባለሦስት ማራገቢያውን ገዛ። ቺፑ አንድ፣ ሜሞሪው አንድ። ካርዱ ግን የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አልገባ አለ። የሃርድ ዲስኩን ማስቀመጫ በብረት መጋዝ ቆርጦ አስገባው። በጨዋታ ላይ ያገኘው ጭማሪ በመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ በዓይን አይለይም። ሦስተኛው ማራገቢያ ጌጥ ነው፤ በግልጽ እንነጋገር።

ባቢሌ፦ ጌጥ? የተፎካካሪውን የኤኤምዲን 290ኤክስ ረስተኸዋል። በኦክቶበር 2013 (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲወጣ የነበረው ባለአንድ ብሎወር (አየሩን በካርዱ ርዝመት ወደ ኋላ የሚገፋ ማራገቢያ) ሬፈረንሱ ብቻ ነው። ቺፑ እስከ 95 ዲግሪ ይግላል፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማራገቢያው ደግሞ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የካርድ አምራቹ የሳፋየር ባለሦስት ማራገቢያ ሲመጣ ያው ቺፕ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ፍጥነቱን ሳይጥል ሠራ። በመካከል የተለወጠው አንተ ጌጥ ያልከው ነገር ብቻ ነው።

እንጦጦ፦ የ2013ን ካርድ አምጥተህ የ2020ን ትከሳለህ። በአያት ዕዳ የልጅ ልጅ አይያዝም። ኤንቪዲያ በ2018 የ20ዎቹን ትውልድ ሲያወጣ በፋውንደርስ ካርዶቹ ላይ ብሎወሩን ጥሎ ሁለት ማራገቢያ አደረገ። በ3080 ደግሞ የካርዱን ጭራ ከፍቶ አየሩ በካርዱ ውስጥ ሰንጥቆ እንዲያልፍ አደረገ። እኔ የምሟገተው ለዚህ ካርድ ነው።

ባቢሌ፦ እሺ፣ 2016ን ዝለለው እንግዲህ። የኤንቪዲያ 1080 መነሻ ዋጋ 599 ዶላር ሲባል ፋውንደርስ ኤዲሽኑ 699 ተሸጠ። ሰዎች መቶ ዶላር ጨምረው 83 ዲግሪ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምር ብሎወር ተሸከሙ። 2022ንስ? የኤኤምዲ 7900 ኤክስቲኤክስ ሬፈረንስ በዲሴምበር ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የአንዳንዶቹ ትኩሱ ነጥብ 110 ዲግሪ ደረሰ። በቬፐር ቻምበሩ (ሙቀቱን በእንፋሎት በሚያሰራጨው ዝግ ክፍል) ውስጥ ያለው ውኃ በቂ እንዳልሆነ ኩባንያው ራሱ አምኖ ካርዶቹን እለውጣለሁ አለ። ችግሩ በሬፈረንሱ ላይ ነበር። አሁንም ጌጥ ነው?

እንጦጦ፦ ጉድለት ያለበት ምርት በሁሉም ዘንድ ይወጣል። እኔ ያልኩት ሦስተኛው ማራገቢያ ነው፤ ስለ ቬፐር ቻምበር ቃል አልተነፈስኩም። ቃሌን አታጣምም።

ሰንበሌጥ፦ ሁለታችሁም ካርዱ የሚሠራበትን ቦታ ረስታችኋል። ክርክራችሁ ሁሉ በባሕር ዳርቻ ላይ በተለካ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ነው፤ ቀላል አየር ደግሞ ትንሽ ሙቀት ነው የሚሸከመው። እኔ ቀን ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ማታ እጫወታለሁ፤ ካርዴ በቀን አሥር ሰዓት ይደክማል። እዚህ ለሚሠራ ሰው የሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚስበው ባለክንፍ ብረት) ስፋት ቅንጦት አይደለም።

እንጦጦ፦ እህቴ፣ አየሩ ሳሳ ካልሽ ቀዝቃዛነቱንም ጨምሪበት። በሐምሌ ሌሊት ክፍሌ 15 ዲግሪ ነው። እነርሱ 25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ለክተው ያወጡትን ቁጥር እኔ በአሥር ዲግሪ ቀድሜዋለሁ። አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል።

ሰንበሌጥ፦ ሌሊት ያካክስ ይሆናል። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አያካክስም። አቧራውንስ ምን ያካክሰዋል? ባለፈው እሑድ ካርዴን ፈትቼ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል የተጋገረው አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኖ በአንድ ቁራጭ ነው የወጣው። ከስድስት ወር በፊት አጽድቼው ነበር።

ዝግባ፦ ከዱባይ ነኝ። ስለ ብሎወር ክፉ ብቻ አትናገሩ። ብሎወር ሙቀቱን ከሳጥኑ በስተኋላ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ባለሦስት ማራገቢያው ግን አብዛኛውን ሙቀት እዚያው ሳጥን ውስጥ ይበትነዋል፤ ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ትኩስ አየር ነው የሚጠጣው። በነሐሴ ኤርኮንዲሽነሩ ለአንድ ሰዓት ሲጠፋብኝ ያየሁት ይህንን ነው፤ ካርዱ ደህና ነበር፣ ፕሮሰሰሩ ተቃጠልኩ አለ። ሳጥኑን ሳትጠይቁ ካርድ አትምከሩ።

ባቢሌ፦ ጋሽ ዝግባ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን እንጦጦ የሚሟገትለት ፋውንደርስም እኮ ዛሬ ሙቀቱን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚለቀው። በ3080 ግማሹ አየር ካርዱን ሰንጥቆ ወደ ላይ፣ ወደ ፕሮሰሰሩ ነው የሚሄደው።

አዋሽ፦ የጥገና ሰው ነኝ፤ ስለ ዲግሪው እናንተ ተከራከሩ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ማራገቢያው የቆመ ካርድ ነው። የተለመደውን ባለሦስት ማራገቢያ ጥቂት ብሎኖች እፈታለሁ፣ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ መጠኑ የሚስማማ ማራገቢያ ፈልጌ እተካለሁ፤ በማግስቱ ይወስደዋል። የፋውንደርስ 3080 ሲመጣ ግን እጄ ይከብዳል። ብሎኖቹ በሽፋን ሥር ተደብቀዋል፤ የማራገቢያና የመብራት ሽቦዎቹ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፣ ትንሽ ከተሳቡ ይበጠሳሉ። ማራገቢያውን ከየት አመጣለሁ? ከሞተ ካርድ ላይ ካልሆነ አይገኝም። እዚህ አገር ዋስትና የሚያከብርልን የለም፤ ዋስትናችን መለዋወጫ ነው።

እንጦጦ፦ አዋሽ፣ ይህ እውነተኛ ነጥብ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ግን ካርዱ እዚህ የሚደርሰው በምንድን ነው? በሰው ሻንጣ። ለአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ባለሦስት ማራገቢያ ካርድ መጣለት። ካርቶኑ ቦታ በዛ ተብሎ ተጥሎ፣ ካርዱ በጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። ስንፈታው የሂትሲንኩ ክብደት ቦርዱን አጉብጦት፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ጥርስ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አየን። አምራቹ «ከተገዛበት አገር ውጭ አንመልስም» አለ። ያ ሁሉ ብረት ለጌጥ መጥቶ ቦርዱን ገደለው።

ባቢሌ፦ አሁንም ጌጥ! ካርቶኑን የጣለው ሰው ነው ቦርዱን የገደለው። ደግሞ ፋውንደርስ ሁሉ ቀጭን ይመስልሃል? የ4090 ፋውንደርስ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ውፍረቱ ሦስት ስሎት (በሳጥኑ ውስጥ የሦስት ካርድ ቦታ) ነው፣ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እርሱንም በጋቢ ጠቅልለው።

እንጦጦ፦ 5090ንስ ለምን ዘለልከው? በ2025 የወጣው ፋውንደርስ 575 ዋት የሚበላ ቺፕ በሁለት ስሎት ውፍረት ውስጥ አብርዷል። ሌሎቹ ለዚያው ቺፕ ሦስትና አራት ስሎት ነው የወሰዱት። ብረት ማብዛት ብቻውን ጥበብ እንዳልሆነ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ዝግባ፦ ያን 5090 በመነሻ ዋጋው በ1,999 ዶላር ያገኘ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። በመደብር የማይገኝን ካርድ ምረጡ ማለት ምክር አይደለም። 9070 ኤክስቲን ለሚፈልግ ደግሞ ኤኤምዲ ሬፈረንስ ጭራሽ አልሠራም። ለብዙው ሰው ምርጫው የለም።

ሸገር፦ ሳጥኑን በመጋዝ የቆረጥኩት ልጅ እኔ ነኝ። እንጦጦ ጋሼ፣ በእኔ ስም ስታዝን ምነው ሳትጠይቀኝ? ቤታችን አንድ ክፍል ናት። እናቴ አልጋዋ ከጠረጴዛዬ ሁለት እርምጃ ነው፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች። ያ ፋውንደርስ ጨዋታ ሲከብድ ድምፁ ይነሣ ነበር፤ እርሷም ትነቃለች፣ እኔም አጠፋዋለሁ። አዲሱ በጸጥታ ነው የሚሠራው። እኔ የከፈልኩት ለጸጥታው ነው። መቁረጡም ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው፤ ጠርዙን አሸዋ ወረቀት አሽቼዋለሁ።

ባቢሌ፦ ተባረክ ልጄ። እንጦጦ፣ ቃልህን አንሣ።

እንጦጦ፦ ሸገር፣ ሳልጠይቅህ ስላነሣሁህ ይቅርታ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ባቢሌ፣ ቃሌን አላነሣም። ልጁ የነገረን ጸጥታውን ነው፤ ጸጥታው ከሦስተኛው ማራገቢያ ይምጣ ወይስ ከሂትሲንኩ ስፋት ማንም አልለካም።

ሰንበሌጥ፦ ሸገር፣ ካርዱን ከመሸጥህ በፊት የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ አውርደህ ሞክረህ ነበር? ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስም፤ ሙቀቱና ድምፁ ግን ደህና አድርጎ ይወርዳል።

ሸገር፦ እንደሚቻል የነገረኝ የለም።

ባቢሌ፦ ማራገቢያ ብዙ ሲሆን እያንዳንዱ በዝግታ ዞሮ ያንኑ አየር ይገፋል፤ ድምፁም በዚያ ነው የሚቀንሰው። ሁለቱን ለይተህ የምትለካው እንዴት ነው?

እንጦጦ፦ አንዱን ሶኬት ነቅሎ ነዋ። ሸገር ከፈቀደና አዋሽ ከፈታልን ቅዳሜ ቤቱ ሄደን እንለካለን።

አዋሽ፦ እፈታለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የልጁ እናት ይተኙ።