የዕቅድ ውይይት፦ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለው ሐረግ ከአንቀጽ 620 ይውጣ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም እህት ወንድሞች። በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም አስገድዶ መድፈር ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለተወካዮች ምክር ቤት የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። መነሻ ልስጥ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ ደፋሪን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ግን ድርጊቱ «ከጋብቻ ውጭ» ከሆነ ብቻ። ባልን አንቀጹ አይነካውም። ሐረጉ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 589 ወደ 1996ቱ ሕግ የተሻገረ ነው። እኔ የምለው ይሰረዝ ነው።

አባል ከባሕር ዳር፦
በዓላማው እስማማለሁ፣ መንገዱ ነው ያሳሰበኝ። በቀጥታ ይሰረዝ ካልን «ትዳር ልታፈርሱ ነው» ተብሎ ገና ሳይነበብ ይመለስብናል። ቀለል ያለ ቅጣት ያለው የተለየ አንቀጽ ብንጠይቅስ? ደግሞም አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ይቀጣ የለ?

ከሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦
ወንድሜ፣ 564 የሚወስደን ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ነው። ሚስት አካሏ ወይም ጤናዋ መጎዳቱን ማሳየት አለባት። በዛቻ ተገድዳ፣ ምንም ቁስል ሳይታይባት የተደፈረችውስ? መደፈሯ በራሱ ወንጀል ካልሆነ 564 ብዙም አያድናትም። ቀለል ያለ ቅጣት የሚለውን ፈጽሞ አልቀበልም፣ ምክንያቱም ያገባች ሴት አካል ካላገባችው ያነሰ ክብር አለው ብለን በገዛ እጃችን ፈረምን ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው ሕግ ባል ሚስቱን በመድፈር ሊፈረድበት እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የደነገገው። ናሚቢያም እ.ኤ.አ. በ2000 ጋብቻ መከላከያ አይሆንም አለች። እንግሊዝን እዩ፦ ማቲው ሄል የተባለው ዳኛ ሚስት አንዴ ስታገባ ለባሏ ፈቃዷን ሰጥታለች፣ ልትመልሰው አትችልም ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1736 ታተመ፤ የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው፣ ይህ ከእንግዲህ ሕግ አይደለም ያለው በ1991 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ! እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

የምክር አገልግሎት አስተባባሪዋ፦
«ባህላችን አይፈቅድም» ለሚሉን ጠለፋን እናስታውሳቸው። በድሮው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ክስ ይቀርለት ነበር፣ ፈቃዱን ደግሞ ሽማግሌ ሲያመጣው ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ይህን ዘጋው፤ ኋላ የመጣ ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድንም አለ። ትዳርም አልፈረሰም። ያው ሕግ በ587 ላይ በድፍረት ያደረገውን በ620 ላይ ለምን ተወው? ይህን ጥያቄ በመግቢያው ላይ ጻፉልኝ። ወደ እኛ የምትመጣ ሴት እኮ መጀመሪያ ለፖሊስ ተናግራ «ባልሽ አይደለም እንዴ?» ተብላ የተመለሰች ናት።

አባል ከባሕር ዳር፦
እሺ፣ የጠለፋው ነገር አሳምኖኛል፣ የተለየ አንቀጽ የሚለውን አንስቻለሁ። ማስረጃውስ? መኝታ ቤት ምስክር የለም ይሉናል።

ከሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦
ሌላውስ መደፈር መቼ ምስክር ፊት ይፈጸማል? የሕክምና ማስረጃ፣ መልእክት፣ በማግስቱ ለማን እንደተናገረች፣ ሁሉም እንደማንኛውም ክስ ይመዘናል። ማስረጃ የሚከብደው በክሱ ሂደት ነው፤ ድርጊቱን ከሕግ ማስቀረት ሌላ ነገር ነው። ይልቅ የረሳነው አለ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 53 ባልና ሚስት ጤናቸውን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ግብረ ሥጋ እንዲፈጽሙ ይላል። ጠበቃ ይህን ይዞ ይከራከራል። ስለዚህ «ይህ ግዴታ ያለ ፈቃድ ለመፈጸም መብት አይሰጥም» የሚል ንዑስ አንቀጽ እንጠይቅ። የቤተሰብ ሕግ በክልሎችም የሚወጣ ስለሆነ ለክልል ምክር ቤቶችም ግልባጭ ይሂድ። የወንጀል ሕጉ ግን ፌዴራል ነው፣ አንድ ቦታ ከተስተካከለ ለሁሉም ይሠራል።

ጸሐፊዋ፦
ተስማምተናል ማለት ነው። ሁለት ጥያቄ፦ ከ620 ሐረጉ ይሰረዝ፣ በ53 ላይ ማብራሪያ ይጨመር። መሠረታችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 (የጋብቻና የቤተሰብ መብት) እና 35 (የሴቶች መብት)። መግቢያውን የምክር አገልግሎት፣ የሌሎች አገሮችን ክፍል የሕግ ንዑስ ኮሚቴ ይጻፉ። የባሕር ዳሩ ወንድማችን ደግሞ የሚነሱብንን ተቃውሞዎች ከነመልሳቸው ያዘጋጅልን፤ ከሁላችንም በላይ እሱ ያውቃቸዋል። እስከ ዓርብ እዚሁ ለጥፉት።